ሁለት ሰዓት በየት በኩል ነው?

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ሰውን ከሰዓት ፊርማ ነፃ አውጥቶ ሰዓት ማሸከም የማን ሐሳብ እንደነበረ እስካሁን አልነገሩኝም። እኔም ዝም ብዬ አልተቀበልሁም። እዚያው በስንብቱ አዳራሽ ሰዓቱን ወለሉ ላይ በጀርባው አስተኛሁት፤ አናቱን ወደ ፀሐይ መውጫ አዞርሁና «በሉ እንግዲህ፣ ሁለት ሰዓት በየት በኩል ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ግማሹ ሰው ወደ በሩ ጠቆመ፤ ግማሹ ደግሞ በተቃራኒው ወደ መስኮቱ። እርስ በርሳቸው ተያዩና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቅ በስተጀርባ ግን አንድ በሬ ተኝቷል፤ ይህን የምጽፈውም ስለ እሱ ነው። ስለ ራሴም ትንሽ እጨምራለሁ፤ ሌላ የሚጨምርልኝ ሰው የለም።

ስሜ አላምረው ይባላል። እናቴ ስሙን ያወጣችልኝ መልኬን ካየች በኋላ ነው ይላሉ፤ እስከ ዛሬ ማስተባበያ አላገኘሁም። ሥራዬ የመብራት መስመር ጥገና ነበር። የጀመርሁት ፍኖተ ሰላም፣ በጉድጓድ ቆፋሪነት ነው። ምሰሶ የሚተከልበትን ጉድጓድ ስቆፍር አለቃዬ ከላይ ቆመው ወደ ታች ያዩና «የአላምረው ጉድጓድ ጠማማ ነው፤ ራሱን አስመስሎ ነው እኮ የሚቆፍረው» ይሉ ነበር። ኋላ በብረት ጫማ ምሰሶ መውጣት ተማርሁ። ከጉድጓድ ሥር እስከ ምሰሶ ጫፍ ማለት ነው፤ በዚያ መሥሪያ ቤት የእኔን ያህል ዕድገት ያገኘ ሰው አላውቅም። ደመወዙ ብቻ ከጉድጓዱ ሳይወጣ ቀረ።

አለቃዬ ያልኋቸው ሰው አያ ፈንቴ ናቸው፤ የጥገና ቡድናችን መሪ። የተወለዱት ቡሬ አጠገብ ካለ ገጠር ነው፤ የአዊ ሰው ናቸው፤ አማርኛውንም አገውኛውንም እኩል ይናገሩታል። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ሰንብተው፣ ከዚያ የመብራት ምሰሶ ሲተከል አይተው መጽሐፋቸውን አጥፈው የመጡ ናቸው። ቅኔውን ግን ትተው አልመጡም። ሁለት ነገር ሳይሉ አንድ ነገር አይናገሩም ነበር።

የእኛ ሥራ ጣጣው ሽቦው አልነበረም፤ ቤቱን ማግኘቱ ነበር። መንገዱ ስም የለው። የቤት ቁጥር አለ፤ ሰባት ቁጥር ከመቶ አርባ ቁጥር ጋር አጥር ይጋራል። ሰው ይደውላል፦

«ሃሎ! መብራታችን ጠፋ እኮ!»

«ቤታችሁ የት ነው?»

«ባሕር ዛፉ ጋ ነዋ!»

«የትኛው ባሕር ዛፍ?»

«አምና የቆረጥነው!»

ስልኩ ይዘጋል። እኛ እንግዲህ ጉቶ ፍለጋ እንወጣለን።

አያ ፈንቴ ለዚህ መላ ነበራቸው። በገባሁ በሳምንቴ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ትራንስፎርመር ወሰዱኝና በብትራቸው ጫፍ መሬት ላይ ክብ ሣሉ።

«ከተማ ሰዓት ነው» አሉኝ። «መካከሉ ይህ ትራንስፎርመር ነው። አሁን ንገረኝ፣ ፀሐይ በስንት ሰዓት ትወጣለች?»

«በአሥራ ሁለት።»

«በል አሥራ ሁለት እዚያ ነው፣ ምሥራቅ። መቅደሱም እዚያው ነው። ሦስት በቀኝህ፣ የሴቶች በር። ዘጠኝ በግራህ፣ የወንዶች በር። ስድስት ከኋላህ። ቤተ ክርስቲያን ገብተህ ታውቃለህ መቼስ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያ ከተማውን ሁሉ ታውቀዋለህ። አቅጣጫውን በሰዓት፣ ርቀቱን በእርምጃ።»

አድራሻ ማለት ከዚያ ወዲህ «በአራት ሰዓት፣ ሦስት መቶ ሃያ» ሆነ። አያ ፈንቴ ይህን በአንድ ወፍራም ደብተር ላይ፣ እንደ ዳዊት በደቀቀ ጽሕፈት ይመዘግቡታል። መብራት ለማስገባት የመጣ ደንበኛ ሁሉ፣ ቆጣሪው ከመተከሉ በፊት ከትራንስፎርመሩ እስከ ደጁ በእግር ይለካለታል። እርምጃውንም እንዲሁ አልተዉትም። በገመድ ሲመዝኑት የእኔ መቶ እርምጃ የእሳቸው ሰማንያ ሆኖ ተገኘ። «እግርህ አጭር ነው፤ ደግነቱ ምላስህ ያካክሰዋል» ብለው በገመዱ ልክ መራመድ እስክለምድ ድረስ በመናኸሪያው ሜዳ ሲያመላልሱኝ ከረሙ። አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው እንደ ዕብድ ያየኝ ነበር። ዛሬ እንኳ ወደ ገበያ ስሄድ እግሬ ገመድ ይለካል።

ልማዶቻቸውን እዚህ ካላሰፈርሁ ደብተራቸው ይታዘበኛል። ብልሽት ሲነገራቸው አይሮጡም፤ መጀመሪያ ይቆማሉ። ትራንስፎርመሩ ሥር ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ ያዞራሉ። የማያውቃቸው ሰው ጸሎት ይመስለዋል፤ ጸሎትም ይሆናል። ሲራመዱ መቶ በሞላ ቁጥር አንዲት ጠጠር በግራ ኪሳቸው ይጨምራሉ፤ ሰው ሰላም ቢላቸውም ባይላቸውም ቁጥሩ አይጠፋባቸውም። ፊውዝ ከነቀሉ የነቀሉትን በቀኝ ኪሳቸው ይዘው ይሄዳሉ፤ እሳቸው ሳይመለሱ ማንም መልሶ እንዳያበራው። ደግሞም «ቦታውን ብታውቅም ባታውቅም ሁሉንም አጥፋ» ይሉ ነበር። «የጠፋ መብራት ተመልሶ ይበራል።»

አንድ ልማዳቸው ብቻ አልገባኝም ነበር። በክቡ ዙሪያ ሰዓቶቹን የሚጽፉት በግዕዝ ቁጥር ነው፦ ፩፣ ፪፣ ፫ እያሉ። ደብተሩም ላይ እንዲሁ። የቅኔ ቤት ናፍቆት መሰለኝና ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

ክቡ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ከአንዲት ጠጅ ቤት ተደወለ፤ ቆጣሪው ይጤሳል። «በሰባት ሰዓት፣ መቶ ዘጠና» ብሎ ደብተሩ ተናገረ። እኛ ስንደርስ ባለቤቲቱ ገና ስልኩን አልዘጋችም። «እናንተ ሰዎች» አለችን ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች፣ «ከደጄ ቆማችሁ ነበር እንዴ የምታናግሩኝ?»

ከፍኖተ ሰላም ወደ ሽንዲ ተዛወርሁ። እዚያ የነበረው አለቃዬ ቅጽ የሚወድ ሰው ነበር፤ ለቅጽ መጠየቂያ ቅጽ አሠርቶ ነበር። የሽንዲ ከተማ ያን ጊዜ ትንሽ ስለነበረች ሰዓቱም እርምጃውም አላስፈለገኝም፤ ከምሰሶው ጫፍ ሆኜ ብጣራ ይበቃ ነበር። ከሽንዲ በኋላ ቡሬ የጥገና ኃላፊ ሆኜ ተሾምሁ። አያ ፈንቴ በዚያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው፣ ከቡሬ ወጣ ብላ ወዳለችው መንደራቸው ገብተው ነበር።

አለቃ ሆንሁና ከአለቃ እንደሚጠበቀው አንድ ነገር ላሻሽል ተነሣሁ። ያሻሻልሁት የግዕዙን ቁጥር ነው። ገበሬው ሁሉ የእጅ ሰዓት አሥሮ እያየሁ፣ እኔ መሬት ላይ ክብ ስሥል የምውለው ምን ሆኜ ነው? በገበያ ቀን ከብት ገበያው ዘንድ ሄጄ ድንጋይ ላይ ወጣሁ።

«ሰዓታችሁን ፍቱና መዳፋችሁ ላይ አስተኙ!» ብዬ ጮህሁ። «ትራንስፎርመሩ ሥር ቁሙ! የሰዓቱን አናት ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሩ! ብልሽቱ በየትኛው ሰዓት በኩል እንደሆነ እዩና ከነእርምጃው ደውሉልኝ!»

«ሰዓቴ የቆመ እንደሆነስ?» አለኝ አንዱ ወይፈን ጎታች።

«የቆመው ይሻላል። አድራሻ አይሮጥም!»

ሰዉ ሳቀ። ሲስቁልኝ ደግሞ የተረዱኝ ይመስለኛል፤ ይህ ሕመሜ ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ተነገረን ቦታ ሄደን ብልሽቱን በወዲያኛው ጫፍ አገኘነው። «ይህ ሰው ቀኝና ግራውን አያውቅም» እያልን በደዋዮቹ ሳቅንባቸው። አንድ ጊዜ እንኳ ቆሜ ለምን አላልሁም። መጀመሪያ ቁም ያሉኝ ሰውዬ ከቡሬ የግማሽ ቀን መንገድ ብቻ ነበሩ።

ሰኔ ገብቶ ነበር፤ እርሻው የሚጣደፍበት ጊዜ። ከቀትር በኋላ ብርቱ ነፋስ የቀላቀለ ዝናም ወርዶ እንዳባራ ስልኬ ጮኸ። የደወለው አየነው የሚባል ገበሬ ነው፤ ከቡሬ ዳር፣ ከከብት ገበያው ማዶ የሚኖር። በዚያ በገበያው ስብከቴ ቀን ከፊት ቆሞ ሰዓቱን በመዳፉ ካስተኙት አንዱ ነበር።

«ጌታው፣ ሽቦ ወድቋል። ከመተላለፊያው ላይ ተጋድሟል» አለኝ። «ከገበያው ትራንስፎርመር ቆሜ አይቼዋለሁ፤ እርምጃውንም ቆጥሬዋለሁ። በሁለት ሰዓት፣ ሰባት መቶ።»

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ተማሪዬ ነው። «ሰው አታስጠጋ» አልሁት።

«እየጠበቅሁት ነው። በሬዎቼን ለማሳለፍ ነበር፤ ቀኑም እየሄደ ነው።»

እኔ በሞተር ብስክሌቴ ትራንስፎርመሩ ሥር ለመድረስ ጊዜ አልፈጀብኝም። ከዚያ ትራንስፎርመር ሁለት መስመር ይወጣል፤ አንዱ ወደ ሁለት ሰዓት በኩል፣ አንዱ በተቃራኒው ወደ ስምንት ሰዓት በኩል። አያ ፈንቴ ቢሆኑ ሁለቱንም ያጠፉ ነበር። እኔ ግን አድራሻውን በእርምጃ አውቀዋለሁ! በስምንት በኩል ያሉትን ወፍጮ ቤቶች በከንቱ ለምን አቆማለሁ? የሁለት ሰዓቱን ፊውዝ ነቀልሁ፣ በቀኝ ኪሴ ከተትሁና እዚያው ቆሜ ደወልሁ።

«አየነው፣ አጥፍቻለሁ።»

«አጥፍተዋል? ልለፍ?»

«እለፍ።»

ስልኩን ዘግቼ ወደ ሁለት ሰዓት አቅጣጫ መራመድ ጀመርሁ። ሦስተኛዋን ጠጠር ኪሴ እንደጨመርሁ ስልኬ እንደገና ጮኸ።

«ቡሬ! ቡሬ አለቀ!»

«ቡሬማ ደኅና ነው» አልሁ፣ የከተማው መብራት ሁሉ የጠፋ መስሎት። «እኔ ያጠፋሁት የእናንተን በኩል ብቻ ነው።»

«አጠፉት! አዎ፣ አጠፉት! ቡሬን አጠፉት!»

ቡሬ ከተማ ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ነጭና ጥቁር መልክ የተቀላቀለበትን በሬ ምን ብለን እንደምንጠራው የገበሬ ልጅ ሆኜ ረሳሁት።

ወደ ኋላ ሮጥሁ። የቀረውን ፊውዝ ሁሉ ነቀልሁ። ከዚያ በስምንት ሰዓት አቅጣጫ ሰባት መቶ እርምጃ ሮጥሁ፤ ያን ጊዜ አልቆጠርሁም፤ ግን ልክ ሰባት መቶ እንደነበረ ኋላ ለካሁት። አየነው በቁጥሩ አልተሳሳተም ነበር።

ቡሬ መተላለፊያው ላይ በጎኑ ተኝቷል። ሽቦው ከፊት እግሮቹ ሥር ነው። ጓደኛው ዳማ የተባለው በሬ ጥቂት ፈንጠር ብሎ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። አየነው ጅራፉን እንደያዘ ነው። ይጮህብኛል፣ ይመታኛልም ብዬ ነበር፤ ቢመታኝ ደግሞ እወድ ነበር።

«እለፍ አሉኝ እኮ» አለኝ።

ቡሬ ከፊት ባይቀድም ኖሮ ከሽቦው የሚደርሰው እሱ ራሱ ነበር። ይህን ሁለታችንም አወቅን።

ሪፖርቱን ጻፍሁ፤ ማስጠንቀቂያም ተጻፈልኝ። በወረቀት በኩል ያለው ነገር በዚህ አለቀ። የአየነው ነገር ግን አላለቀም። ሰኔ ነው፤ አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። መሬቱ ጦም ካደረ በሚቀጥለው ዓመት ልጆቹ የሚበሉት የለም። ሽማግሌ መላክ ነበረብኝ። ቡሬ አካባቢ ቃሉ የሚሰማ፣ አየነውም አዊ ነውና ቋንቋውን የሚያውቅ ሽማግሌ ማን አለ? እያፈርሁ ወደ አያ ፈንቴ ሄድሁ።

በነጋታው ጠዋት በአየነው ግቢ ተቀመጥን። አያ ፈንቴና አየነው መጀመሪያ በአገውኛ ተነጋገሩ። እኔ ቃሉ አይገባኝም፤ በመካከሉ ስሜ ሲጠራ ብቻ እሰማለሁ፤ ሲጠራም ደኅና ነገር እንዳልተከተለው ከፊታቸው አነባለሁ። ከዚያ አያ ፈንቴ ወደ አማርኛ ተመለሱ።

«አየነው፣ እስቲ ያንን ሰዓትህን ወዲህ በለው። ሁለት ሰዓት የቱ ጋ ነው?»

አየነው ሳያመነታ የስምንትን ቁጥር ነካ።

«አላምረው፣ አንተስ?»

እኔ የሁለትን ቁጥር ነካሁ። ጣቶቻችን በሰዓቱ ፊት ላይ ግራና ቀኝ ተፋጠው ቀሩ።

ነገሩ ይኸው ነው። የአየነው ሰዓት እንደ ብዙ ሰው ሰዓት በፈረንጅ የተሞላ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን አጭሩ ዘንግ ስምንት ላይ ይቆማል፤ እኛም ዓይናችን ስምንትን እያየ አፋችን ሁለት ይላል። ይህን ሳናስበው ስናደርገው ነው የኖርነው። በክቡ ላይ ደግሞ ሁለትና ስምንት ፊትና ጀርባ ናቸው። እኔ በገበያው «የሰዓቱን አናት ወደ ምሥራቅ» አልሁ፤ እሱም አዞረ። ሽቦው በስምንት ቁጥር በኩል ነበረ፤ እሱም ሁልጊዜ እንደሚያነበው አነበበው፤ ሁለት ሰዓት አለኝ።

አያ ፈንቴ ሰዓቱን መለሱለትና «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አሉ። «በሬው ግን ሞቷል።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አላምረው፣ በግዕዝ ቁጥር የተጻፈ የእጅ ሰዓት አይተህ ታውቃለህ?»

«አላየሁም።»

«እኮ! የእኔ ክብ ከማንም ሰዓት ጋር እንዳይምታታ ብዬ ነው የጻፍሁት።»

«ምነው ታዲያ ሳይነግሩኝ?»

«ምነው ታዲያ ሳትጠይቀኝ?» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተወው። ያልጠየቀኝን አልነግርም ማለት የቅኔ ቤት ጥጋብ ነው። እኔም አጥፍቻለሁ። አሁን ተራው የአንተ ነው። ያን ዕለት በስልክ ምን ነበር ያልኸው?»

«አጥፍቻለሁ።»

«ያን ዕለት አላጠፋህም ነበር። ዛሬ በልና እውነት ይሁን።»

ባገራችን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ይሸከማል። ተነሥቼ ድንጋይ ስፈልግ እጄ ወደ ግራ ኪሴ ገባ፤ ሦስቱ ጠጠሮች እዚያው ነበሩ። ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ የቆጠርኋቸው ሦስት መቶ እርምጃዎች። በመዳፌ ይዤ አየነው ፊት ወደቅሁ። «አጥፍቻለሁ» አልሁት። ያችን ቃል በሥራ ዘመኔ ስንቴ ብያታለሁ! በምሰሶ ላይ፣ በስልክ፣ በሬዲዮ። ያን ቀን ግን ክብደቷን አወቅሁት።

አየነው ጠጠሮቹን ከእጄ ወሰዳቸው። «ተነሥ» አለኝ፤ ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» የወረድሁት በዚያች ቃል ነው፤ ዝቅ ማለት እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።

እኔ በአባቴ አገር፣ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ ገጠር፣ ወንድሜ ዘንድ ጉራች የሚባል አንድ በሬ ነበረኝ። እሱን ልስጥህ አልሁ። አያ ፈንቴ እጃቸውን አነሡ።

«አትስጠው፤ ተቀናጀው። የሰጠ ሰው ይረሳል። የተቀናጀ ሰው አይረሳም።»

አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን ጠምደው በጋራ ሲያርሱ መቀናጆ እንላለን። ጉራች የእኔ ሆኖ ይቀራል፤ ከዳማ ጋር ግን ይጠመዳል። ማለት ከአየነው ጋር የተጠመድሁት እኔ ነኝ።

አየነው ተስማማ፤ አንድ ነገር ግን ጨመረ። «ከእንግዲህ ወዲያ» አለ፣ «አጥፍቻለሁ የሚል ሰው በስልክ እለፍ አይበለኝ። መጥቶ እሱ ራሱ ይንካው። ያጠፋ ይቅደም።»

አያ ፈንቴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «አየህ?» አሉኝ። «እኔ ይህን ያህል ዓመት ቅኔ ቤት ሰንብቼ ያላገኘኋትን ገበሬው በሁለት ቃል ቋጠራት።» በእርግጥም ሰሙ መብራት ያጠፋ ነው፤ ወርቁ ጥፋት ያጠፋ።

ጉራችን ያመጣሁት በእግሬ ነው። አስፋልቱን ይዤ፣ የሥራ ቆቤን እንዳደረግሁ፣ አንድ በሬ እየነዳሁ ስመጣ የመንገዱ ሰው ሁሉ መሳለቂያ አደረገኝ። «ይህ ደግሞ አዲሱ የጥገና መኪና ነው?» አለኝ አንድ የጭነት መኪና ነጂ ከመስኮቱ ብቅ ብሎ። «አዎ» አልሁት፤ «ነዳጁ ሣር ነው፤ ከአንተው ይሻላል።» በማግሥቱ ጉራችና ዳማ ተጠመዱ። ዳማ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር፤ ኋላ ለመደ። የዚያ ዓመት መሬት ጦም አላደረም። የአየነው ልጆች ጎተራቸው ሲሞላ አየሁ፤ ከዚያ ወዲህ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

እኔም ወደ ክቡ ተመለስሁ። በቡሬ ትራንስፎርመሮች ሥር ሁሉ፣ በምሰሶው ላይ፣ በነጭ ቀለም ክብ አሠራሁ፤ ዙሪያውን ከ፩ እስከ ፲፪። ያች «ያጠፋ ይቅደም» የምትል ቃልም በቢሯችን ግድግዳ ተለጠፈች። ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣ ጎብኚ «የዚህ ጥቅስ ምዕራፉ የት ነው?» ብሎ ጠየቀን። «በስምንት ሰዓት፣ ሰባት መቶ እርምጃ» አልሁት። ጻፈው።

ይኸው እንግዲህ ጊዜው ተለወጠ። ስልክ ካርታ አወጣ። ለእኔ ምትክ ሆና የመጣችው ኢንጂነር ብርቱካን ናት፤ ጎበዝ ልጅ ናት፤ መጀመሪያ ግን በጠብ ነበር የተዋወቅነው።

«ጋሼ፣ ይኼ ክብ ምንድን ነው? ሎኬሽን አለ እኮ! አንድ ጊዜ ነካ ነው።»

«ኔትወርክ ሲጠፋስ?»

«ኔትወርክ ሲጠፋማ...» አለችና ቆም አለች፤ ቡሬ መሆኗን አስታወሰች መሰለኝ። በሳምንቱ ከባድ ዝናም ዘንቦ ኔትወርኩ ሄደ። ከትራንስፎርመሩ ሥር ሄዳ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ ቆማ አገኘኋት። አልሳቅሁባትም። እሺ፣ ትንሽ ስቄያለሁ። ከዚያ ወዲያ እሷ ካርታዋን አስተማረችኝ፤ እኔ ጠጠሩን አስተማርኋት። የትኛችን የተሻለ ተማሪ እንደሆንን አትጠይቁኝ፤ እኔ እስካሁን ካርታው ላይ የራሴን ቤት አላገኘሁትም።

አያ ፈንቴ አርፈዋል። ደብተራቸው እኔ ዘንድ ነው። የሸለሙኝን የግድግዳ ሰዓት ፍኖተ ሰላም ባለው ቤቴ ሰቅየዋለሁ፤ የፈረንጁን ቁጥር ግን በወረቀት ሸፍኜ በላዩ የግዕዝ ጽፌበታለሁ። ባለቤቴ የሻረግ «እንግዳ ሰዓት ጠይቆ መልስ ሳያገኝ የሚወጣበት ቤት የእኛ ብቻ ነው» ትላለች። እውነቷን ነው።

ጉራችም አርጅቶ ከሥራ ወጥቷል፤ እንደ እኔ ጡረተኛ ነው፤ ሰዓት ግን አልሸለሙትም። በእሱ ቦታ አየነው መልኩ ነጭና ጥቁር የሆነ ወይፈን አሳደገ። ስሙን ምን እንደሚለው ሳይነግረኝ አውቄው ነበር። ቡሬ አለው።

ባለፈው ሰኔ አንድ ቀን፣ የሻረግ ድንች ትልጣለች፣ እኔ እርዳኝ እንዳትለኝ ደብተር የማነብ መስዬ ተቀምጫለሁ፤ ስልክ ጮኸ። አየነው ነው።

«አላምረው፣ እንደምን ዋልህ። ነፋሱ ሽቦ ጥሏል፤ ከዚያ ከድሮው መተላለፊያ ላይ። ጠፍቷል ይሉኛል። ልለፍ ወይ?»

«ባለህበት ቁም» አልሁት፤ ዘግቼም ለብርቱካን ደወልሁ።

«ጋሼ! ሎኬሽን ልላክልዎት?»

«ሎኬሽንሽን ተይውና፣ የት ነሽ?»

«በ፰፣ ሰባት መቶ» አለች፤ ስትስቅ ይሰማኛል። «በግዕዙ።»

«ሽቦውስ?»

«ሁለቱንም መስመር አጥፍቻለሁ። ፈትኜዋለሁ፤ መሬት አስይዤዋለሁ። አሁን በእጄ ይዤዋለሁ። ፊውዞቹ ኪሴ ውስጥ ናቸው። ግን አባባ አየነው ‹አላምረው ካላለኝ አላልፍም› ብለው ከማዶ ተቀምጠዋል፤ እባክዎ አንድ ነገር ይበሏቸው፤ እጄ ዛለ!»

ወደ አየነው መለስሁ።

«አየነው፣ ከፊትህ ማን ይታይሃል?»

«ያች ቢጫ ቆብ ያደረገች ልጅ።»

«እጇ ላይ ምን አለ?»

ዝናም ካባራ በኋላ ያለው የወራጅ ውኃ ድምፅ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል።

«ሽቦው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሽቦውን ይዛዋለች።»

«እንግዲያ ያጠፋ ቀድሟል። እለፍ።»

ያችን ቃል ከዚያ ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ ለእሱ ብያት አላውቅም ነበር። ስልኩን አልዘጋሁም፤ እሱም አልዘጋም። የጅራፉን ድምፅ ሰማሁ። ጭቃውን የሚረግጥ ኮቴ ሰማሁ። «ና ቡሬ! ና! ቡሬ!» ሲል ሰማሁ። ብርቱካን የሆነ ነገር ተናግራ አሳቀችው። ከዚያ ትንፋሹ ወደ ስልኩ ቀረበ።

«አለፍን» አለኝ።

ስልኩን ጉልበቴ ላይ አኖርሁት። የሻረግ ቢላዋዋን እንደያዘች ቀና አለች።

«ማነው የደወለው?»

«ከቡሬ ነው።»

«ቡሬ ምን ሆነ?»

«የቱን ቡሬ ነው የምትይኝ?»

«ሁለቱንም» አለች፤ ከእኔ ጋር ስትኖር ቅኔ ለምዳለች።

«ሁለቱም ደኅና ናቸው» አልኋትና ቢላዋ ይዤ ድንች መላጥ ጀመርሁ።